በዊልፍ ግራ በኩል

ኦትሊ፣ ዮርክሺር
ማርች 15 ቀን 1953

ለውድ እህቴ ለሄስተር፣

ይህን ሁሉ ባሕር አቋርጦ ሰላምታዬ በደህና ይድረስሽ። አንቺ፣ ባልሽ አንገስና በጎቻችሁ እንደምን ከረማችሁ? እኔና ባለቤቴ ሜቪስ ደህና ነን። የላክሽው የቆርቆሮ ሥጋ ደርሶናል፤ እዚህ ሥጋ አሁንም በራሽን ስለሆነ ሜቪስ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ቁልፉ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ይህን ለእሷ እንዳትጽፊላት አደራ።

የእኔን ወሬ ታውቂዋለሽ፣ ያው የእሽቅድምድም መኪና ነው። ሦስተኛዋን ጨረስኳት! ሳምንቱን የሰው ትራክተርና የወተት መኪና ስጠግን እውልና ቅዳሜ ከሰዓት ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለው የፈረስ ጋጣ የእኔ ይሆናል። ሞተሯ የሞተር ብስክሌት ነው፤ ከጀርባዬ ተቀምጦ በሰንሰለት የኋላ ጎማዎቹን ያዞራል። ዳቦ ጋጋሪው ሚስተር ፒክልስ ዙሪያዋን ዞሮ አያትና "ለመሆኑ ፊቷ የቱ ነው?" አለኝ።

ፕላን የሚባል ነገር አልሳልኩም። እንደ ልማዴ ወለሉ ላይ ተቀምጬ እግሬን ዘረጋሁ፣ መሪ እንደያዘ ሰው እጄን አነሳሁ፣ ሜቪስ በጠመኔ ዙሪያዬን ሳለችኝ። የአካሏን የብረት ቧንቧ በዚያው መስመር ላይ በየድኩት። ዳሌዬ ጋ ስትደርስ "ሌላ ጠመኔ አምጣልኝ፣ ይሄ አይበቃም" ብላ መሬት ላይ ተንከባለለች በሳቅ። እና መኪናዋ በልኬ የተሰፋች ሱሪ ማለት ናት፤ ሌላ ሰው አይገባባትም።

ባለፈው መስከረም ከፊቴ የነበረው መኪና ጠጠር አስፈንጥሮ መነጽሬን ሰበረብኝ ብዬሽ ነበር። እሱ ድኗል፤ ጭረት ብቻ ቀርቷል። የክለቡ ሐኪምም አይቶ ፈርሞልኛል፤ ዘንድሮም እነዳለሁ። አስቸጋሪዬስ የቤታችን የአጥር በር ነው። የግራውን ምሰሶ በቫኑ ደጋግሜ ገጭቼው አሁን እንደ ሰካራም ዘሟል። ሜቪስ "ምን አድርጎህ ነው?" ትለኛለች።

ጋዜጣ ላይ የወጣውን ፎቶ አያይዣለሁ። የምትችይ ከሆነ አንድ የበግ ለምድ ላኪልኝ፤ ክፍት መኪና ላይ ብርዱ ከታች ነው የሚገባው።

ሁሌም የሚወድሽ ወንድምሽ
ዊልፍ

*

ጎር፣ ኒውዚላንድ
ሜይ 3 ቀን 1953

ለታናሽ ወንድሜ ለዊልፍሬድ አክሮይድ፣

ጌታ መግቢያ መውጫህን ይባርክ፤ የአጥር በርህንም ጨምሮ። እኛ ደህና ነን። እዚህ ክረምቱ እየገባ ነው፤ አንገስ ጉልበቴን አመመኝ እያለ ያጉረመርማል፣ ግን የአጥር እንጨት ሲሸከም ማንም አይቀድመውም።

ለምዱን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። የምርጧ በጌ ነው፤ እንዳታቃጥለው።

ፎቶህን ከምድጃው በላይ ሰቅዬዋለሁ። ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ ወደ ካሜራው ያያል፤ አንተ ብቻ አንገትህን ወደ ግራ አዙረህ በጎን ታያለህ። አንገስ "ይሄ ወንድምሽ በቆሎ ያየ ዶሮ ይመስላል" አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ሳህን ሳጥብ ግን እንደገና አየሁት።

ዊልፍ፣ ጠጠሩ የመታህ የትኛውን ዓይን ነው? አልጻፍክልኝም። እናታችን ስትሞት ጥርስ እንኳ አላበቀልክም ነበር፤ እዚህ ያደረስኩህ እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ይህን የመጠየቅ መብት አለኝ። ስትመልስ እንዳትረሳው። ሜቪስን ሳምልኝ፤ የቁልፉን ቦታ ቀይሪ በላት።

እህትህ
ሄስተር

*

ኦትሊ
ጁን 21 ቀን 1953

ለውድ እህቴ ለሄስተር፣

ደብዳቤሽም ለምዱም በደህና ገብተዋል፤ እጅሽን ይባርከው። ለምዱ ግን እንዴት ያለ ወፍራም ነው በይ! ወንበሬ ላይ ባነጠፍኩት ጊዜ ከፍ ብዬ ግማሽ አካሌ ውጭ ቀረ። ሜቪስ ወስዳ እሳት ዳር አንጥፋዋለች፤ ድመቷ ወርሳዋለች።

ያለፈውን ውድድር ልንገርሽ። የጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ፣ አሮጌው የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነበር። ኦዚ በትራምን ታስታውሺዋለሽ፣ ያ ከእኔ ጋር ትምህርት ቤት የነበረው ረጅሙ ቀጫጫ። አሁንም አንለያይም፤ መኪናውን የሠራው ከእኔ ጋር፣ በዚያው ጋጣ ውስጥ ነው። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረን መታጠፊያው ላይ ጎማችን ተነካካ። የእሱ መኪና ተገልብጣ የጭድ እስሩ ውስጥ ገባች። የትከሻ አጥንቱ ተሰበረ፤ መኪናውስ ከእንግዲህ ለቆርቆሮ ነጋዴ ነው። እኔን ምንም አልነካኝም።

እና ከሆስፒታል በወጣ ማግስት ምን ያደረገ ይመስልሻል? አንድ እጁ በጨርቅ ታስሯል፣ በሌላው በሊጥ የተጋገረ የአሳማ ሥጋ ፓይ ይዞ መጠጥ ቤት ድረስ መጣልኝ። "ዊልፍ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ቦታ ሳይኖር ነው የገባሁብህ" አለኝ። "የለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩት። "ኧረ የኔ ነው!" "ኦዚ፣ የኔ ነው አልኩህ እኮ!" "ተው እንጂ አታሳፍረኝ!" መጠጥ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቱ "ሁለታችሁም ጨዋ ናችሁ፣ አሁን ቢራችሁን ጠጡ" ብሎ ቀዳልን። እዚህ አገር ሰው እግርሽን ሲረግጥሽ ይቅርታ የምትጠይቂው አንቺ ነሽ፤ ረስተሽው ከሆነ ላስታውስሽ።

ነገርኳቸው እኮ ሄስ። ማንም አልሰማኝም።

ኦዚ ከእንግዲህ አልነዳም ይላል። "ርቀት መለየት አቅቶኛል፣ ሰው ልገድል ነበር" ብሎ ሄልሜቱን ለልጆች መጫወቻ ሰጠው። በጣም ነው ያዘንኩት። እኔ ግን ለኦገስቱ በዓል ሰኞ ተመዝግቤያለሁ፤ የዓመቱ ትልቁ ውድድር እሱ ነው።

ይህን በአውሮፕላን የላክሁት እንዲያው ነው፣ ምክንያት የለውም። የቀረውን ጥያቄሽን ሌላ ጊዜ እመልሳለሁ፤ ወረቀቱ አለቀብኝ።

ወንድምሽ
ዊልፍ

*

ጎር
ጁላይ 1 ቀን 1953

ዊልፍ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። እኔም በአውሮፕላን ልኬዋለሁ፤ አንገስ የቴምብሩን ዋጋ ሰምቶ ገንዘቡን ራሱ አወጣ፣ ነገሩ ገብቶታል።

ወረቀቱ አለቀብኝ አልክ። ከስምህ በታች መዳፌን የሚያክል ባዶ ቦታ ነበረው።

ጂል የምትባል የበግ ጠባቂ ውሻ አለችን። ባለፈው ዓመት አንድ አውራ በግ ወግቷት የግራ ዓይኗ ጠፋ። ከውጭ ስታየው ዓይኗ ደህና ነው፤ ያበራል። እኛም ያወቅነው ቆይተን ነው። መጀመሪያ የበረቱን በር ምሰሶ መግጨት ጀመረች፣ ሁልጊዜ የግራውን። ከዚያ አንገቷን አዙራ ማየት ለመደች። ከዚያ አንድ ቀን በግራዋ የመጣውን ግልገል ሳታየው ደፍጥጣው አለፈች፤ ዞራ ስታየው እንዴት እንደደነገጠች ብነግርህ አታምነኝም። ሰው ብትሆን ታለቅስ ነበር።

አትቆጣኝ፣ ከውሻ ጋር አወዳደርኩህ። ግን ይሄ ኦዚ የመጣው በየት በኩል ነው? አልጻፍክልኝም፤ እኔ ግን የማውቀው ይመስለኛል። አላየኸውም ዊልፍ። በግራህ መጥቶ አላየኸውም። ያ ምስኪን የተሰበረ ትከሻውን ይዞ ይቅርታ ሊጠይቅህ መጣ፤ አንተም እውነቱን ነገርከው፣ ሰዉ ግን ጨዋነት ነው ብሎ ሳቀ፤ አንተም በዚያው ዝም አልክ። ተሳስቼ ከሆነ ስደበኝ፤ ስድብህን በደስታ እቀበላለሁ።

በጌታ ስም፣ በዚያ ሰኞ አትንዳ።

ሄስተር

*

ኦትሊ
ጁላይ 12 ቀን 1953

ሄስተር፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደህና ነኝ።

የክለቡ ሐኪም ፊት ለፊት አስቀምጦ አይቶኝ ደህና ነህ ብሏል፤ አንቺ ከዓለም ጫፍ ሆነሽ በፎቶና በውሻ መረመርሽኝ። መርከብ ላይ ወጥተሽ መሐረብ ስታውለበልቢልኝ ገና ጢም አላወጣሁም ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን በራሴ ነው የተወጣሁት። የምበላውንም የምሠራውንም የምነዳውንም ማንም አልነገረኝም፤ ዛሬም ማንም አይነግረኝም።

እና ካልነዳሁ ምንድን ነኝ? የወተት መኪና ጠጋኝ ነኝ። እዚህ ሰፈር እንደኔ ያለ ጠጋኝ ሞልቷል። ያቺን መኪና በእጄ የሠራሁት ቆሜ ላያት አይደለም።

ሰኞ እነዳለሁ። አለቀ።

ዊልፍ

*

ጎር
ጁላይ 22 ቀን 1953

የኔ ዊልፍ፣

ሰላምና ጤና ላንተና ለሜቪስ። ቁጣህ ደርሶኛል፤ ትኩስ ነው፣ እንደ ድሮህ ነህ። ስለ መርከቡ የጻፍከውን ስንገናኝ እንከራከርበታለን፤ ስንገናኝ ነው ያልኩት፣ ስለዚህ በሕይወት ቆየኝ።

ተሳስተሻል ግን አላልክም። ደብዳቤህን አገላብጬ ፈለግሁት፣ የለም። ስትዋሽልኝ አላውቅም፤ ማድረግ የምትችለው ዝም ማለት ብቻ ነው፤ ከልጅነትህ ጀምሮ እንደዚያው ነህ።

አንገስ ለክለቡ ጻፊላቸው አለኝ። አልጽፍም። ከጀርባህ ሄጄ ባስቆምህ ምን ይረባኛል? ወንድሜን ነው የማጣው። አትንዳ ማለቱንም ትቼዋለሁ፤ አንዴ ብዬሃለሁ።

የምለምንህ ሌላ ነገር ነው። ሰኞ ከመድረሱ በፊት ኦዚ ጋ ሂድ። ቢራም ፓይም በሌለበት፣ የሚስቅ ሰው በሌለበት፣ ቤቱ ሂድና እስኪያምንህ ድረስ ንገረው። ያ ሰው ባልሠራው ጥፋት ሄልሜቱን ለልጅ ሰጥቷል። ርቀት መለየት አቅቶኛል ብሎ አምኗል። አንተ ሳትነዳ ምንድን ነኝ ካልክ፣ እሱስ?

ካመነህ በኋላ የፈለግከውን አድርግ። በግራህ የሚመጣው ሰው ግን ማወቅ አለበት።

እፈራለሁ ዊልፍ። ጀግና አይደለሁም። ፖስተኛው በራችን ላይ ብስክሌቱን ባቆመ ቁጥር ቴሌግራም ይሆን እያልኩ ሊጥ በእጄ ላይ ይደርቃል። ጡጦ ያጠባሁህ ልጅ ነህ። ካልነዳሁ ምንድን ነኝ ብለህ ጠየቅከኝ አይደል? የኔ ነህ፤ ሌላ መልስ የለኝም።

የሚወድህ ጌታ ይጠብቅህ፤ እኔም እወድሃለሁ።

ሄስ

*

ኦትሊ
ኦገስት 9 ቀን 1953

ለምወድሽ እህቴ ለሄስ፣

በመጀመሪያ ደህና ነኝ። በመጀመሪያ ይህን ልጻፍ ብዬ ነው፤ ሊጥሽን ታጠቢ፣ ተቀመጪ፣ ከዚያ አንብቢ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሐሙስ ነው። አንብቤው ኪሴ ከተትኩትና ጋጣ ሄድኩ። ሰንሰለቱን ቅባት ቀባሁ፣ ቡሎን ፈታሁ፣ መልሼ አጠበቅሁ። ሜቪስ ሻይ ይዛ መጣች፤ በግራዬ በኩል ነበር የቆመችው። ሳላያት ዞር ስል ስኒውን ከእጇ አስጣልኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ስብርባሪውን እየለቀመች "ዊልፍ፣ እስከ መቼ ያላወቅሁ መስዬ ልኑርልህ?" አለችኝ። ለካ እሷም ታውቅ ነበር! የዘመመውን ምሰሶ ሳልነቃ ነጭ ቀለም የቀባችው እሷ ናት፤ እንዳየው ብላ።

ኮቴን አነሳሁና ኦዚ ቤት ሄድኩ።

ብቻውን ነበር፤ ድንች እየላጠ። "ኦዚ፣ የዚያን ቀን ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩት። "ጀመርክ ደግሞ! ተወው አልኩህ እኮ፣ አለፈ" አለና ወንበር ሳበልኝ። "አላየሁህም" አልኩት። "አዎ፣ እኔ ነኛ የማልታይበት ቦታ የገባሁት፤ ስኳር ታደርጋለህ?" አለኝ። ሄስ፣ በገዛ አገሬ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ የሚያምን ሰው ማግኘት እንዲህ ይከብዳል አላልኩም ነበር። በመጨረሻ ቀኝ ዓይኔን በእጄ ሸፈንኩና "ጣትህን አንሳ" አልኩት። "ስንት ነው?" አለኝ። "ማንሳትህንም አላየሁም ኦዚ" አልኩት።

ቢላዋው ከእጁ ወደቀ፤ ድምፁን ሰማሁት።

ሁሉን ነገርኩት። ሐኪሙ ጋ እንዴት እንዳለፍኩ ሳይቀር። አንድ ዓይንህን ሸፍን ሲለኝ ግራዬን ሸፈንኩ፤ አሁን ሌላኛውን ሲለኝ እጄን ቀያየርኩና ያንኑ ግራዬን ሸፈንኩ። ሰውዬው ፒፓውን እየለኮሰ ነበር።

ኦዚ ቢላዋውን አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ፊቱ ቀላ። "አንተ አህያ! በየቀኑ እዚህ መስኮት ላይ ቆሜ የባቡር ጣቢያውን ሰሌዳ እያነበብኩ ዓይኔን ስፈትን ነው የከረምኩት፤ አበድኩ ወይ እያልኩ!" ብሎ ጠረጴዛውን መታው። ይገባኛል፣ በለኝ፣ ጨምርልኝ እያልኩ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ጣቱን ቀስሮ "ፓዬን መልስ!" አለኝ። "ምን?" "ያ ሁሉ የራሽን ሥጋ የገባበትን ፓይ፣ ብቻህን ቁጭ ብለህ የበላኸውን፣ አሁኑኑ መልስልኝ!" አየሁት፤ አየኝ። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ይሁን እኔ አላውቅም፤ ወዲያው ደግሞ ሁለታችንም እያለቀስን ነበር። ትከሻውን ይዤ "ይቅርታ" ስለው "አሁን እሺ፣ አሁን ይቅር ብዬሃለሁ" አለኝ።

አርብ ጠዋት የክለቡ ጸሐፊ ጋ ሄጄ የመወዳደሪያ ፈቃዴን መለስኩ። በእኔ ቦታ ኦዚ በትራም ይግባ ብዬ ለመንኩት፤ ጽፎ ተቀበለኝ። ኦዚ አይሆንም፣ እፈራለሁ አለ። "ዓይንህ እንደ ጭልፊት ነው፤ የሌለህ መኪና ነው፣ መኪናህን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ የኔን ትወስዳለህ" አልኩት። ግን እንዴት ይግባባት? ጉልበቱ ጆሮው ጋ ደረሰ! ልቤ እየደማ የፊተኛውን ቧንቧ ቆርጬ አስረዘምኩት። ሜቪስ መብራቱን ስትይዝልኝ "ቀስ በል፣ በግ እያረድክ አይደለም" ትለኛለች። ሄልሜቱንም ከልጆቹ በከረሜላ ገዝቶ አስመለሰው።

ሰኞ እኔና ሜቪስ ከሕዝቡ ጋር አጥሩ ዳር ቆምን። የት መቆም እንዳለብኝ እንኳ አላውቅም ነበር። አንድ ሽማግሌ "ልጄ፣ መታጠፊያው ጋ ቁም፣ እዚያ ነው የሚያምረው" አለኝ። በግራዬ ሜቪስ እጄን ይዛ ነበር። ባንዲራው ወረደ።

ሄስ፣ ይህን ሁሉ ዓመት መኪና ስሠራና ስነዳ ኖሬ የራሴን መኪና ስትሮጥ አይቼ አላውቅም ለካ! ሁልጊዜ ውስጧ ነኝ፤ እኔ የማውቀው ጩኸቱን፣ ዘይቱንና የጀርባዬን ሕመም ነው። ኦዚ ከዛፎቹ ጀርባ ብቅ ሲል የማን መኪና ናት አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ አላወቅኋትም። ዝቅ ብላ፣ ጭራዋን ትንሽ አወዛውዛ፣ እንዲያ ቀልላ ታጠፈች። ያ ሽማግሌ "ይቺን የሠራት ሰው እጁ ይባረክ" አለ፤ ለማንም አይደለም፣ እንዲያው ለራሱ ነው ያለው። ሜቪስ ልትነግረው አፏን ስትከፍት እጇን ጨመቅሁት።

ኦዚ አራተኛ ወጣ። እኔ ግን የመጨረሻውን ዙር አላየሁም። ሜቪስ መሐረቧን አውጥታ ፊቴን ስትጠርግ "የግራውም እኮ ያለቅሳል" አለችኝ። አዎ ሄስ፣ ሁለቱም ያለቅሱ ነበር።

የአንቺው
ዊልፍ